ጀሶ ለብሼ ያሳለፍሁት በልግ

ሆስፒታል የገባሁት በ1957 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሸዋ ተዛውረው በሐረር ፍርድ ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ሆነው ይሠሩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ጀርባዬ መካከል የለውዝ ፍሬ የምታህል ጉብታ ወጣች። እናቴ ከዛፍ ወድቆ ነው ብላ ወጌሻ ጠራች፤ ወጌሻውም በቅቤ አሽቶኝ ሄደ። በመስከረም ጉብታዋ እንቁላል አከለች፤ በኅዳር እንደ ሽማግሌ አጎንብሼ መሄድ ጀመርሁ። የሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም ራጁን በመስኮት ብርሃን ላይ ይዘው ካዩ በኋላ የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ መሆኑን ለአባቴ ነገሯቸው። አባቴ ቃሉን በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ያልተጻፈ ነገር እንደተባለ አይቆጥሩም ነበር፤ ይህን ጠባይ ከእርሳቸው ወርሻለሁ።

ስለዚያ ዓመት በዝርዝር እንዳስብ ያደረገኝ ሽታ ነው። ባለፈው ጥር ሐረር ሄጄ አቦከር በተባለው ሰፈር ዘመድ ቤት ባረፍሁበት ጊዜ፣ ሠራተኞች ኮርኒስ ሊለስኑ ጀሶ በባልዲ ሲበጠብጡ አገኘኋቸው። የእርጥብ ጀሶ ሽታ ከኖራ የለሰለሰ ነው፤ ዝናብ የነካው የድንጋይ ግንብ ሽታ ይመስላል። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሠራተኞቹ የምቆጣጠራቸው መስሏቸው ሥራቸውን አፈጠኑ።

የሆስፒታሉ የወንዶች ክፍል ረጅምና ባለ ከፍተኛ ጣሪያ ነበር። ከአልጋዬ በስተ ግራ፣ ከድሬ ጠያራ የመጡ ገበሬ ተኝተው ነበር፤ ስማቸው ሙሜ ነው፤ ሁሉም በሐረር የአክብሮት አጠራር አው ሙሜ ይላቸዋል። ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ጭናቸው ስለ ተሰበረ እግራቸው በገመድ ተወጥሮ፣ በገመዱ ጫፍ የአሸዋ ከረጢት ተንጠልጥሎ ወር አልፏቸዋል። ቁስላችንን የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋን፣ የሐኪሙንም ቋንቋ የሚያስተረጉምልን ድሬሰር አያሌው ነበር። ድሬሰር ማለት በዚያን ጊዜ የሐኪም ቀኝ እጅ ነው። አያሌው ግን ራሱን ቀኝም ግራም እጅ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ ተወጋሁ። መርፌው በሽታውን ካቀዘቀዘው በኋላ፣ በየካቲት መጀመሪያ ሐኪሙ ጀርባዬን ከፍተው ከዳሌዬ በተወሰደ አጥንት የታመመውን ስፍራ አያያዙት። ስለ ቀዶ ጥገናው የማስታውሰው ፊቴ ላይ የወረደውን ጨርቅና እንደ ኮረሪማ የሚሰነፍጠውን የማደንዘዣ ሽታ ብቻ ነው።

ጀሶውን ግን አልረሳውም። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ በብረት ፍሬም ላይ አጋድመው፣ አያሌው በብብቴ ሌላ ረዳት በእግሬ ይዘው እየሳቡኝ፣ ሐኪሙ በጀሶ የተነከረ ፋሻ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ጠመጠሙብኝ። ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል። ይህን ማንም ስላልነገረኝ እንደ ሸክላ እየተተኮስሁ መሰለኝና በጩኸት ክፍሉን አደባለቅሁት።

ወደ አልጋዬ ሲመልሱኝ አው ሙሜ በክርናቸው ደገፍ ብለው ተመለከቱኝ።

«ሱብሓነላህ። እኔን እንደ ሥጋ ሰቀሉኝ፤ አንተን ደግሞ የጁገል ግንብ አደረጉህ» አሉ። «አያሌው፣ ለዚህ ልጅ በር አልተውክለትም?»

«በሩን ሲያድግ እንከፍትለታለን» አለ አያሌው።

አባቴ ማታ መጥተው ርዝመቴን በወረቀት ጥብጣብ ከራሴ እስከ ተረከዜ ለኩ። ከመታመሜ በፊት በግድግዳ ላይ ካስመሩት ልክ በአራት ጣት በልጬ ተገኘሁ። ጥብጣቡን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ቀጥ ብለሃል፣ ተፈራ» ብለው ዞር አሉ። ዓይናቸውን እንዳላይ መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ጥብጣቡ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር።

የሐኪሙ ትእዛዝ ሁለት ነበር፤ አንደኛው በጀርባዬ ብቻ እንድተኛ፣ ሁለተኛው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንድበላ። «አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው» አሉ በአያሌው አፍ። «ሥጋ ካልለበሰ ጀርባው አይጠናም።»

ጀሶውን በለበስሁ በሦስተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን ለሕመምተኛ ልጅ ጾም የለበትም ብለው ፈቀዱ። ችግሩ ፈቃዱ አልነበረም። በጾሙ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው፤ ከፈረስ መጋላ አደባባይ እስከ ገበያው ክፍት ሆነው የሚገኙት እስላሞቹ የሚያርዱባቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ሐረር ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ጉርብትናውን፣ ለቅሶውን፣ ሠርጉን፣ ወተቱንና ዳቦውን ሁሉ ይጋራ ነበር፤ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ይህ ድንበር ያለ ጠብና ያለ ንግግር የሚከበር ነበር። ስለዚህ እናቴ ወተትና እንቁላል ብቻ ታመጣልኝ ጀመር። «እስከ ፋሲካ በዚሁ ታገሥ» ትለኝ ነበር።

የአው ሙሜ ልጅ ፋጡማ የእኔ እኩያ ነበረች። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ አክስቷ ዘንድ አርፋ፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለአባቷ በቆርቆሮ ሣህን ሹርባ ታመጣ ነበር፤ በስንዴ ክክና በበግ ሥጋ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ከአልጋ አልጋ ይዞራል። አው ሙሜ ለእስላሞቹ ሕመምተኞች ሁሉ «ቅመሱ» ይላሉ፤ ወደ እኔ ሲደርሱ ግን እጃቸውን በደረታቸው አድርገው፣ «አንተን አልጋብዝም፣ ልጄ። እናትህ የሰጠችህን ብላ» ይሉኝ ነበር። አክብሮት መሆኑን አልተረዳሁም፤ ንፉግ መስለውኝ ነበር።

በሁለተኛው የጾም ሳምንት አንድ ቀን አው ሙሜ ከምሳ በፊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፋጡማ ሣህኑን በሁለታችን አልጋ መካከል ባለው ኮሞዲኖ ላይ አኑራ ትጠብቃቸው ጀመር።

«ትንሽ ስጪኝ» አልኋት።

«ለአንተ ሐራም አይደለም እንዴ?»

«ቄሱ ፈቅደውልኛል።»

«የእኛንም?»

«ሁሉንም።»

ሣህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። «ወላሂ በል» አለች። አላልሁም፤ አፌን ብቻ ከፈትሁ። ሦስት ማንኪያ አጎረሰችኝ። ለዘመኔ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም፤ ይህን ዛሬም ሳልፈራ እጽፋለሁ።

ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ሆዴ በጀሶው ውስጥ ተነፋ፤ ከዚያ ማስታወክ ጀመርሁ። የወጣው አረንጓዴ ነበር። በሐረር የወልዮች፣ የእስላም ቅዱሳን፣ መቃብር በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩም አረንጓዴ ጨርቅ ለብሶ አይቻለሁ። በዚያ ዕድሜ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። የበላሁት የእስላም ሥጋ ቀለሙን ይዞ እየወጣ፣ ኃጢአቴን በሳህን ላይ ለሁሉ እያሳየ እንደሆነ ቆረጥሁ።

«ምን በላህ?» አለ አያሌው።

«ወተት።»

«ሌላስ?»

«ምንም።»

የዋሸሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም። እናቴ ከሰማች ምን እንደምትሆን አላውቅም ነበር፤ ፋጡማንም ያባርሯታል ብዬ ፈራሁ። በማግስቱም፣ በሣልስቱም ወተት በጠጣሁ ቁጥር ከሰዓታት በኋላ ያው አረንጓዴ ይወጣል። ወስፋት ይሆናል ተብሎ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ እርሱም ወጣ። በክንዴ ግሉኮስ ተሰካልኝ። ሳምንት ሳይሞላ በጀሶው ጠርዝና በደረቴ መካከል የእናቴ እጅ የሚገባበት ክፍተት ተፈጠረ። ሐኪሙ በየማለዳው አልጋዬ አጠገብ ቆመው በጀሶው ጠርዝ ጣታቸውን አስገብተው ሆዴን ነካ ነካ ያደርጋሉ፤ ከአያሌው ጋር በራሳቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ። የገባኝ ነገር ቢኖር የማያውቁት ነገር መሆኑ ነው።

እኔ ግን የማውቅ መስሎኝ ነበርና መፍትሔውንም ራሴ ወሰንሁ። ኃጢአት የሠራ ሰው ይሰግዳል። ጀሶ የለበሰ ሰው መስገድ አይችልም፤ ቢያንስ ግን ግንባሩን ማስነካት ይችላል። ስለዚህ የአልጋውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ ስታገል ቆይቼ በሆዴ ተገለበጥሁ፤ ግንባሬን ፍራሹ ላይ አድርጌ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አልሁ። እየቆጠርሁ ሳለሁ የሆዴ ውጥረት ረገበ፤ ማቅለሽለሹ ሄደ። አርባ አንዱን ስጨርስ ራበኝ።

ይቅር ተብያለሁ አልሁ። ነገር ግን አንዲት ነርስ አይታኝ ደነገጠችና በትእዛዙ መሠረት በጀርባዬ መለሰችኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና አስታወክሁ። ይህም ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ስግደቱ ስለ ተቋረጠብኝ ይቅርታው አልጸናም። ከዚያ ጀምሮ ሰው ዘወር ባለ ቁጥር እገለበጣለሁ፤ ሲያዩኝ ይመልሱኛል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንታገል ነበር። አንድ ጊዜ የግሉኮሱ መርፌ ተነቅሎ አንሶላው በደም ተነከረ።

«ይሄ ልጅ ጀርባውን ሊሰብር ነው» ይላል አያሌው። «አንተ፣ በገመድ ላስርህ?»

«እሰር» እለዋለሁ፤ ሲሄድ እገለበጣለሁ።

አው ሙሜ ሁሉንም ያያሉ፤ አንድም ቀን አላሳበቁብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጄ፣ አንተ ወደ መሬት የምታየው ምን ጠፍቶብህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ግንባሬን ፍራሹ ላይ ይበልጥ ተጫንሁ።

ማስታወክ በጀመርሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አርብ መጋቢት 10፣ አባቴ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከእናቴ ጋር በጧት መጡ። በእጃቸው በራሳቸው ጥሩ ጽሕፈት የተጻፈ ማመልከቻ ነበር፤ ልጃቸውን በገዛ ፈቃዳቸውና በኃላፊነታቸው አውጥተው ወደ ጠበል ለመውሰድ ይጠይቃል። መኪና በር ላይ ቆሟል። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ግን ሳይፈርሙበት ያዙት።

«በመንገድ ይሞታል» ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

«እዚህስ?» አሉ አባቴ።

ሐኪሙ ብዕራቸውን አወጡ። ፊርማቸውንም አኖሩ።

አያሌውና አንድ ዘበኛ ቃሬዛ አምጥተው በጀርባዬ ሊያጋድሙኝ አነሡኝ። የአልጋውን ብረት ያዝሁ። ያን ቀን በእኔ ውስጥ ከቀረው ጉልበት ሁሉ የእጄ ይበልጥ ነበር። ንስሐዬን ሳልፈጽም ከሄድሁ ጠበሉም አይቀበለኝም ብዬ አምኜ ነበር።

«ልቀቅ» አለኝ አያሌው።

«በሆዴ ካልሆነ አልሄድም።»

«ለምን በሆድህ?»

«በሆዴ ስሆን አያስታውከኝም።»

አያሌው እጁን ከጀሶዬ ላይ አነሣ። «ምን አልህ?»

ከዚያ ወዲያ የያዝሁትን ሁሉ ለቀቅሁት። ሹርባውን፣ ሦስቱን ማንኪያ፣ ቄሱ ፈቅደዋል ብዬ መዋሸቴን፣ አረንጓዴውን፣ አርባ አንዱን እግዚኦታ፣ በሆዴ ስሆን ይቅር እንደምባል፣ በጀርባዬ ሲያደርጉኝ ኃጢአቴ እንደሚመለስ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። አባቴ ወደ ግድግዳው ተመለከቱ።

መጀመሪያ የተናገሩት አው ሙሜ ናቸው። «የእኔ ሹርባ ልጅ የሚገድል ከሆነ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ስበላው እኔ እንዴት ከረምሁ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እመቤት፣ እኔ አልሰጠሁትም። ተኝቼ ነበር። አላህ ያውቃል።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ» አለች እናቴ። «እርስዎ ሲከለክሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰርቆ የበላው የእኔ ልጅ ነው።»

አያሌው ግን ስለ ሥጋው ግድ አልነበረውም። ወደ ሐኪሙ ዞሮ በፍጥነት ሲናገር እጁን እንደ ቂጣ እያገላበጠ ያሳያል፤ በጀርባ፣ በሆድ፣ በጀርባ። ሐኪሙ ቃሬዛውን በእግራቸው ገፉት። ራሳቸው በብብቴ ይዘው በሆዴ ገለበጡኝና ሰዓታቸውን አውጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን በጎኔ በኩል በጀሶው ጠርዝ እጃቸውን አስገብተው ሆዴን ዳሰሱ። ረግቧል። ከዚያ የአባቴን ማመልከቻ አንሥተው የፈረሙበትን ስፍራ በአንድ መሥመር ሰረዙት።

«ይሄን ነገር» አሉ በአያሌው በኩል፣ «አገሬ ሳለሁ በተማሪነቴ አንድ ጊዜ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ አላየሁም።» ወረቀት ጠይቀው ለአባቴ ሣሉላቸው። ከጨጓራ የሚወርደው አንጀት በሁለት የደም ሥሮች መካከል በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል። ጎብጦ የከረመ ጀርባ ባንድ ጊዜ ሲቀና ከፊት ያለው ሥር እንደ ገመድ ይወጠርና አንጀቱን ጀርባው ላይ ይጫነዋል። ልጁ ከስቶ መተላለፊያውን የሚደግፍ ስብ ካጣ፣ ጀሶውም ሆዱን ካጠበቀው፣ መንገዱ ይዘጋል፤ አረንጓዴውም ወደ ታች መውረጃ ያጣ ሐሞት ነው። በሆድ ሲተኛ ሥሩ ወደ ፊት ይወድቃል፤ መንገዱም ይከፈታል። በወጣቶች ላይ ጀርባ ከተቃና በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነገር ነው።

አባቴ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ ሥጋው አይደለም» አሉ።

«ሥጋው ቢገኝማ ጥሩ ነበር» አሉ ሐኪሙ። አው ሙሜ ይህ ሲተረጎም ሰምተው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሹርባዬ ነጻ ወጣች» አሉ። እናቴ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ታለቅስ ነበር።

በዚያው ጧት አያሌው ጀሶውን በመጋዝና በመቀስ ሆዴ ላይ በአራት ማዕዘን ከፈተው። አየር ሲነካኝ የሰው ሁሉ እጅ የዳሰሰኝ ያህል ሆነብኝ። በአፍንጫዬ ቀጭን ጎማ አስገብተው የተጠራቀመውን አወጡ። ይህ በጣም ክፉ ነበር፤ ግን ታገሥሁት፤ ከእንግዲህ ምን እየተደረገልኝ እንደሆነ አውቃለሁና። አሥር ቀን በሆዴና በግራ ጎኔ ብቻ ተኛሁ። ጎማው ከወጣ በኋላ እናቴ በየሁለት ሰዓቱ አሥር ማንኪያ ወተት ትሰጠኝ ጀመር፤ አባቴ የሰጠችውን ሰዓትና የማንኪያውን ልክ በአልጋዬ ራስጌ በተሰቀለ ወረቀት ላይ በመሥመር ያሰፍሩ ነበር። ያስታወክሁበትን ቀን የሚያመለክተው ዓምድ ከመጋቢት 14 በኋላ ባዶውን ቀረ። ሠላሳ ማንኪያ የጠጣሁ ቀን ፋጡማ በበሩ ብቅ ብላ፣ «ዛሬስ ቄሱ ምን ፈቀዱልህ?» አለችኝና ሮጠች።

እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ወሰንሁ፤ ወላጆቼና ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲጨነቁልኝ አላደርግም። ወተቱ ቢያስጠላኝም ጠጣሁ፤ ክንዴ ቢዝልም በሆዴ ተኛሁ። ሐኪሙ ሲያልፉ የእግሬን ጣቶች አንቀሳቅስ ነበር፤ ሳይጠይቁኝ። ፋሲካ ሲደርስ እናቴ የክርስቲያን በግ ቅልጥም ቀቅላ አመጣች፤ ሁሉንም በላሁና አንድም አልወጣም። አው ሙሜ እግራቸው ጠንቶ በክራንች ከመውጣታቸው በፊት አልጋዬ ዘንድ መጥተው ጀሶዬን በጣታቸው አንኳኩ።

«ቤት ውስጥ ሰው አለ?» አሉ።

«አለሁ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ውጣ፤ እርሻ አለብን። ድሬ ጠያራ መጥተህ ሩጫህን ታሳየኛለህ፤ ኢንሻአላህ።»

በሰኔ አያሌው ጀሶውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ እንደ ለውዝ ቅርፊት በሁለት ከፈለው። ለሦስት ቀን በሁለት ሰው ተደግፌ፣ ለአራት ቀን በአንድ ሰው ተደግፌ፣ ከዚያ የአልጋዎቹን ብረት እየያዝሁ፣ ከዚያም ምንም ሳልይዝ ክፍሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድሁ። አባቴ እርምጃዬን ቆጠሩ።

የስንብቴን ወረቀት ሐኪሙ በቃል እየተናገሩ አያሌው በአማርኛ ጻፈው፤ አባቴ ሁለት የፊደል ስሕተት አረሙበት። እንዲህ ይላል፦ «ተፈራ የተባለው ሕመምተኛ የጀርባ አጥንት ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ከዚያ በኋላ የደረሰበት የአንጀት መዘጋት ያለ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተወግዷል። በአፉ ይመገባል፤ አያስታውክም፤ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድኖ ተሰናብቷል። ሐረር፣ ሰኔ 21 ቀን 1957 ዓ.ም.»